አብዲ ያነበበልኝ ጌም

ባለፈው ሳምንት ሳቢያን ሰፈር፣ የወንድሜ ልጅ ሜሮን ቤት ምሳ በልቼ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ምሳ በልቶ ጋደም የማይል ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሌባ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ቬንትሌተሩ እየተሽከረከረ ሙቁን አየር ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ምንም አልቀረው። በዚህ መሃል ከሜሮን ስልክ አንድ ዜማ ወጣ። ቀጭን፣ የጫጩት ድምፅ የመሰለ ዜማ ነው፤ ሽቅብ ይወጣና ትንሽ አመንትቶ ይወርዳል፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ይነሳል። ተስፈንጥሬ ተቀመጥኩ። 

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ጌም ነው አጎቴ። የድሮ ነው፤ እኔ ሳልወለድ የወጣ። ቀሰቀስኩህ እንዴ?»

መነጽሬን ፈልጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ሰይፍ የያዘ ትንሽ ልጅ አንድ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ቆሟል። ጉድጓዱን አወቅኩት። ከጉድጓዱ ጀርባ ያሉትን ድንጋዮችም አወቅኳቸው። «በቀኝ በኩል ያለውን ድንጋይ ግፊው» አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ግን ገፋችው። ድንጋዩ ተንሸራተተ፤ ከሥሩም ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ወጣ። ሜሮን አስተማሪ ናት፤ በቀላሉ የሚደንቃት ነገር የለም። ያን ቀን ግን አፏን ከፍታ አየችኝ። ሪሞት ይዞ ቴሌቪዥን መክፈት የሚያቅተው ጡረተኛ አጎቷ ይህን ከየት አመጣው?

ከየት እንዳመጣሁት ልንገራት ብዬ ነበር፤ ግን ተውኩት። ያ ዜማ ብቻውን አልመጣማ። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ሴት የጠየቀችኝን ጥያቄ ይዞብኝ መጣ። ሐዋ ትባላለች፤ የጓደኛዬ የአብዲ እናት ናት። «አብዲ ስሜን አንስቶ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የማውቀውን እውነት መለስኩላት፤ «አንድ ቀንም አንስቶሽ አያውቅም» አልኳት። ያ መልስ ልክ እንዳልነበረ የገባኝ ገና ባለፈው ሳምንት ነው፤ እዚያው ሶፋ ላይ።

ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፤ አዛባዋለሁ። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ሻይም ሳንቡሳም ቀምሶ የሚመለስበት ዘመን ነበር። ያኔ የሰፈራችን የከዚራ ዛፎች ካንዱ ዳር እስከ ሌላው ተቃቅፈው መንገዱን ጥላ ያለብሱት ነበር። ጋሪ ነጂዎቹ ከሰዓት በኋላ ፈረሶቻቸውን ጥላ ሥር አስረው እዚያው ጋሪው ላይ ይተኛሉ። ማዕዘኑ ላይ ካሴት የሚቀዳ ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አውጥቶ አንዱን ዘፈን ሰው እስኪያቅለሸልሸው ያስደግመዋል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ፣ የገበያው ሰፈር መጋላ ውስጥ፣ ዑድ ብቻውን ሲመታ ትሰማላችሁ። እኔ ሁለቱንም እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ዛሬ ከዚራ ውስጥ፣ አባቴ ከባቡር ሥራው ባገኘው አሮጌ ቤት ብቻዬን ስቀመጥ፣ ሚስቴ ካረፈች ልጆቼም ሥራ ፍለጋ ከወጡ ወዲህ፣ የሚሰማኝ የጎረቤት ጄነሬተር ነው። ባቡሩም ከተማ መሃል ገብቶ መጮኹን ካቆመ ቆየ። ሰዓቱን የማውቀው በባቡሩ ጩኸት ነበርና እስካሁን ቀኑ ሲረዝምብኝ አለ።

ከጅቡቲ ባቡር የሚገባ ቀን ከተማው ሌላ ነበር። ጎረምሳው ጂንስ ወረደ ወይ እያለ ወደ ጣቢያው ይወርዳል። ልጃገረዶቹ ሽቶና ናይለን ሻርፕ ይጠብቃሉ። ከባቡሩ የሚወርዱትን ነጋዴ ሴቶች ያየ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አይችልም፤ ሲሄዱ ቀጫጭን የነበሩ፣ ፊናንስ ፖሊስ እንዳይወስድባቸው ቀሚሱን በቀሚስ ላይ ደራርበው እንደ ከረጢት ተነፋፍተው ይመለሳሉ። ቤታቸው ገብተው ሲያወልቁት ግማሽ ሱቅ ይወጣቸዋል። ሐዋም ከእነሱ አንዷ ነበረች። አንድ ጊዜ ግን ዕቃዋ ድንበር ላይ ተያዘ፤ ስሟ ተመዘገበ፤ እሷም ወዲያ ማዶ ቀረች። ብትመለስ የሚጠብቃት እስር ቤት ነው። ቀበሌዎች መጥተው ቤቱን ፈተሹ። የአብዲ አባት ቀደም ሲል ሞቶ ነበርና፣ ልጁን የወሰደው የአባቱ ወንድም ዩሱፍ፣ መጋላ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ያን ጊዜ ያልፈራ ማን አለ? «በዚህ ቤት የሷ ስም እንዳይነሳ፤ ጆሮ ጠቢው ብዙ ነው» አለ። አልተነሳም።

እኔና አብዲ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ነበርን። አባቴ ከደጋ የመጣ ሰው ስለሆነ አንቱታ ይወዳል፤ አብዲ ግን እንደ ድሬ ልጅ ሁሉ ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው። መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን አባቴን «እንዴት ነህ አባ፣ ደህና ነህ?» ሲለው እናቴ ልትወድቅ ነበር። አባቴ ጢሙን ነካ ነካ አደረገና «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» አለው። ከዚያ በኋላ አብዲ አንድ ቀን ቢቀር «ያ አንተ የሚለኝ ልጅ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቀው አባቴ ራሱ ነበር። አብዲ ቀጭን፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። አንድ ቢጫ ሸሚዝ ነበረችው፤ መጀመሪያ ሰፍታው እጅጌዋን እያጠፈ የሚለብሳት፣ በኋላ እየጠበበችው ቁልፏ እንቢ ሲል ክፍት አድርጎ የሚለብሳት። ሌላ ልብስ አጥቶ አይደለም፤ አጎቱ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ለምን እንደማይጥላት ጠይቄው አላውቅም።

ጌሙ የመጣው በባቡር ሠራተኛ እጅ፣ በሴት ቀሚስ ተጠቅልሎ ነው። ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ካሴት። «ዘመድ ላከልኝ» አለ አብዲ፤ ከዚያ በላይ አላለም። ካሴቱ ላይ የተጻፈው የጃፓን ፊደል ነው፤ ውስጡም እንደዚያው። ቴሌቪዥን የነበረው አጎቱ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ማታ ዜና የሚታይበት። ቀን ቀን ስርጭት ስለሌለ ሥራ ፈት ነበር። እንዲያውም ያን ሰዓት ሥራ ያልፈታ ነገር አልነበረም። ምሳ ሲበላ ሱቁ ይዘጋል፤ አጎቱና ጓደኞቹ ወዲያኛው ክፍል ፍራሽ ላይ ደገፍ ብለው ጫታቸውን ይዘው በርጫቸውን ይጀምራሉ። እኛ በጨርቅ ጥቅሎች መሃል ቁጭ ብለን፣ ለሽርጥ የሚሆነው ጣቃ እንደ ወንበር ሆኖልን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን እንጫወታለን። አዲስ ጨርቅ አሁንም ሲሸተኝ ያ ዜማ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ከዚያ በፊት የማውቀው ጨዋታ ዳማና ካርታ ነው። እነሱ ተራ አላቸው፤ ጠላትህ አንተ እስክታስብ ይጠብቅሃል። ይሄኛው አይጠብቅም። ልጁ ከመንደሩ እንደወጣ ከዛፉም ከድንጋዩም አውሬ ይወጣበታል፤ ልታስብ ስትቆም ይበላሃል። መሸሽ፣ ዞር ማለት፣ መምታት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው። አውሬ በገደልክ ቁጥር ጉልበትህ ይጨምራል፤ ከሞተው የምታገኘውን ሰብስበህ ከመንደር የተሻለ ሰይፍ፣ የተሻለ ጋሻ ትገዛለህ። የጀመርከውን ካሴቱ ራሱ ያስቀምጥልሃል፤ በማግስቱ ከቆምክበት ትነሳለህ። ዓለም የምትቆመው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሲናገር። ሽማግሌም ይሁን ባለሱቅ፣ አንዱን ቀርበህ ስታናግረው ከታች ሣጥን ይከፈትና ጽሑፍ ይወጣል። ሣጥኑ ክፍት እስከሆነ ድረስ አውሬው ባለበት ደርቆ ይቀራል፤ አንተም ትንፋሽ ታገኛለህ። ካልተጫንከው አይዘጋም።

ሥራ ተከፋፈልን። እጄ ፈጣን ስለነበር የምዋጋው እኔ ነኝ፤ የሚያነበው አብዲ ነው። አዎ፣ የጃፓንን ፊደል። ጅቡቲ ወደብ የሚሠራ ዘመድ ፊደሉን እንዳስተማረው ነገረኝ፤ እኔም አመንኩት። አሁን ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ግን የድሬ ልጅ ቢሆን አይስቅም። አብዲ ከአጎቱ ጋር በሶማሊኛ፣ ከበሩ ላይ አትክልት ከምትሸጠው ሴት ጋር በኦሮሚኛ፣ ከጎረቤቱ ጋር በአደርኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል፤ ቁርአን ቤት አረብኛ ተምሯል፤ የአባቴን የባቡር ፈረንሳይኛም ቀስሟል። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ጃፓንኛ ጨመርኩ ቢላችሁ ምን ብላችሁ ትጠራጠራላችሁ? እኛ ከተማ ቋንቋ እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ይጋባ ነበር። ጌሙ ሲጀመር የልጁን ስም ጻፉ ይላል፤ ዝም ብለን የተገኘውን ፊደል ተጫንን። አብዲ አየት አደረገና «የሁለታችንም ስም ሆነ ወላሂ» አለኝ። ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ያናገርነው ጉድጓዱ አጠገብ የቆመውን ሽማግሌ ነው። ሣጥኑ ተከፈተ።

«ስማ፤ ምን ይላል መሰለህ?» አለ አብዲ። ድምፁ ይለወጣል ሲያነብ። «‹ልጄ፣ እናትህ በዚህ አልፋለች። ውሃ ለመነችኝ፤ ሰጠኋት። ጠጥታ ስታበቃ ዞር ብላ መንደሩን አየች፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ሄደች። ያንተን ስም እየጠራች ነበር።›»

«ይቺ ሁለት መስመር ይህን ሁሉ ትላለች?»

«የጃፓን ፊደል እንደኛ አይደለም አቦ። አንዱ ብቻውን ብዙ ነው የሚሸከመው። አሁን ተዋጋ።»

ተዋጋሁ። ያን ልጅ ይዤ ጫካውን፣ ዋሻውን፣ በረሃውን አቋረጥኩ። በያንዳንዱ መንደር አብዲ ያነብልኛል፤ የልጁ እናት በዚህ አለፈች፣ እዚህ አደረች፣ እዚህ ጋ ታማ ነበር፣ ዳነች። አንዲት ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች። «‹ጣቢያው ላይ ቆማ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ሻርፗን ነፋስ ወሰደው› ትላለች» አለ። «ጣቢያ? እዚህ አገር ባቡር አለ እንዴ?» አልኩት። ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አየና «ወደብ ማለቷ ነው» ብሎ አረመ። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የልጁ ሸሚዝ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ አይታወቅም፤ አብዲ ግን ቢጫ ነው አለ። ተጽፎ አይቶ ይሆናል ብዬ ቢጫ ነው ብዬ ያዝኩ። ታሪኩ እያደር ከጨዋታው ይልቅ እየያዘኝ መጣ። አንዳንዴ ዋሻ ውስጥ ገብቼ ሞት አፋፍ ላይ እያለሁ የማስበው ስለ አውሬው አይደለም፤ ያቺ ሴትዮ ባሕሩን ተሻግራ ምን ይሆን የገጠማት እያልኩ ነው። አብዲም ይህን ያውቃል፤ አጓጉቶ ያቋርጠኛል። «የቀረውን ቤተ መንግሥቱ ላይ እናገኘዋለን» ይለኛል። እናትየው ያለችው ባሕሩ ማዶ፣ በመጨረሻው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

አንድ ችግር ነበረብን፤ ትራንስፎርመሩ። በድሬ ሙቀት ላይ የራሱ ሙቀት ሲጨመርበት እንደ ምጣድ ይግልና ሁሉም ነገር ድርግም ይላል። ስለዚህ እርጥብ ጆንያ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ሲብስ በረዶ ገዝተን በላስቲክ አድርገን ከጎኑ እናኖራለን። መብራት ያለበትን ዕቃ ከውሃ ጋር አጋብተን እንዴት እንዳልሞትን እግዜር ነው የሚያውቀው። ቤተ መንግሥቱ በር የደረስን ቀን ሰማዩ ራሱ የሚነድ ይመስል ነበር። የምችለውን ሁሉ ገዝቼ፣ ጉልበቴን ሞልቼ፣ በሩ ፊት ቆምኩ። አብዲ ትራንስፎርመሩን ነካ አደረገና ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ።

«እንዲህ ይዘነው አንገባም። መሃል ላይ ቢጠፋ አብድልሃለሁ። በረዶ ይዤ መጣሁ፤ አንተ እጅህን አሳርፍ» አለና ያቺን ጠባብ ቢጫ ሸሚዙን ደረብ አድርጎ ወጣ።

ቀፊራ ገበያ በኩል የወታደር አፈሳ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። መኪናዎቹ መንገዱን ከላይና ከታች ዘግተው ወጣት የተባለውን ሁሉ ጭነው ሄዱ። እኔ ግን የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩት ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ልጅም በሩ ፊት ቆሞ እየጠበቀ ነው። ዜማው እየተደጋገመ ይጫወታል። ከወዲያኛው ክፍል የበርጫው ወሬ መጀመሪያ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ እየሮጠ ገብቶ በሶማሊኛ የሆነ ነገር ጮኸ። አጎቱ ባዶ እግሩን ሲወጣ አየሁት። እኔ ወደ ቤቴ በጓሮ በኩል ሄድኩ። ጌሙን ማን እንዳጠፋው አላውቅም።

አብዲንና አብረውት የታፈሱትን ወደ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ እንደወሰዷቸው ሲታወቅ፣ አንድ ጧት ድንጋይ በሚጭን መኪና ላይ ተለማምጬ ወጣሁና ሄድኩ። አጥሩ አጠገብ እናቶች በመሃረብ የቋጠሩትን ምግብ ይዘው ፀሐዩ ላይ ተኮልኩለዋል። አብዲን ሳየው አላወቅኩትም ነበር፤ ጸጉሩን ላጭተውታል፤ የለበሰው ካኪ ከትከሻው ሰፍቷል። አንዱ ወታደር ትንሽ እንድናወራ ፈቀደልን።  ለመናገር እሱ ቀደመኝ።

«ጨረስከው እንዴ?»

«አልነካሁትም።»

«ብቻህን እንዳትገባ። ብትገባስ ማን ያነብልሃል?» አለና ያን ፍንጭት ጥርሱን አሳየኝ። «ተመልሼ አነብልሃለሁ። እዚያ ነው ያለችው ወላሂ፤ በሩን እንዳለፍን።»

ይኸው ነው። ወደ ሰሜን ሄዱ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ የሰማ የለም። አጎቱ ቴሌቪዥኑንም ጌሙንም ሸጠ፤ አልፈረድኩበትም፤ እኔም የዚያን ክፍል በር ማየት አቅቶኝ መጋላ መሄድ ትቼ ነበር። ከአብዲ በኋላ ጓደኛ አልያዝኩም ብል ውሸት አይሆንም። አብረውኝ የሠሩ፣ አብረውኝ የጠጡ ብዙ ናቸው፤ ሲያነብ አፌን ከፍቼ የምሰማው ሰው ግን አላገኘሁም።

መንግሥት ሲለወጥ ሐዋ ተመለሰች። ያኔ በአንድ ቀሚስ ብቻ፣ ቀጭን ሆና ከባቡሩ ወረደች። የልጇን መታፈስ ሰምታ፣ እሱን የሚያውቅ ሰው እየጠየቀች ቤታችን ድረስ መጣች፤ ደጃፋችን ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት እንቢ አለች። «ያ የላክሁለት መጫወቻ፣ ሽቦ ያለው፣ ወደደው?» አለችኝ። የላከችው እሷ እንደሆነች ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። «በጣም ነበር የሚወደው» አልኳት። ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ያን መልስ መለስኩላት። ውሸት ልጨምርላት አልፈለግኩም፤ ወጣት ነበርኩ፤ እውነት ሰውን የሚጠቅም ይመስለኝ ነበር። «ሀዬ» አለች። በሶማሊኛ እሺ ማለቷ ነው። ሻርፗን አጠባበቀችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ መጋላ ውስጥ በልጆች ልብስ መሸጫዋ በኩል ሳልፍ እንደ እናት አክብሬ «አዴ ሐዋ እንዴት ነሽ» እላታለሁ፤ «ደህና ነኝ ታዴ» ብላ በስሜ ትመልስልኛለች። ስለ አብዲ ግን አንስተን አናውቅም።

ወደ ሜሮን ሶፋ ልመልሳችሁ። ይሄኛው በእንግሊዝኛ የተተረጎመው ነው አለችኝ። የልጁ ሸሚዝ አረንጓዴ ነው። እንዴት አረንጓዴ ይሆናል ብዬ ልቆጣት ምንም አልቀረኝም። «ያን ሽማግሌ አናግሪው» አልኳት። ሣጥኑ ተከፈተ።

«‹በሰሜን በኩል ያለው ዋሻ አደገኛ ነው፤ መድኃኒት ሳትገዛ አትግባ› ነው የሚለው።»

«ሌላስ?»

«ይሄው ነው አጎቴ።»

ወንዝ ዳር ያለችውን ሴት አናገርናት። «‹ዛሬ ቀኑ ደስ ይላል› ትላለች» አለች ሜሮን። ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። የንጉሡን አክሊል ጠንቋይ ሰርቆበት፣ ልጁ እሱን ሊያስመልስ የተላከ ነው። «እናቱስ?» አልኳት። «የማን እናት?» አለች።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ያ ውሸታም! አንዲት ፊደል ሳያውቅ ስንት ከሰዓት በኋላ ቀለደብኝ! ከዚያ ገባኝ። ስሟን መጥራት በተከለከለበት ቤት፣ አጎቱ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ እየሰማ፣ ያ ልጅ በየቀኑ ስለ እናቱ ያወራኝ ነበር። ሌላ ነገር አውርቶኝ አያውቅም። ሜሮን ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሜሮን አሮጌ ስልኳ ላይ ጫነችልኝና እያገዘችኝ እስከ ቤተ መንግሥቱ በር ደረስኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። ዛሬ ጧት ስልኩን ኪሴ አድርጌ መጋላ ሄድኩ። ሐዋ ዓይኗ ደክሟል፤ የሕፃናት ሱሪ በእጇ እየዳበሰች ታጥፋለች። አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀመጥኩና «አዴ ሐዋ፣ ያኔ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ነው የሰጠሁሽ» አልኳት። ከዚያ ሽማግሌውን፣ ወንዝ ዳር ያለችውን ሴት፣ ውሃውን፣ ሻርፑን፣ ባሕሩን፣ አብዲ እንዳነበበልኝ አድርጌ ነገርኳት። እያጠፈች ሰማችኝ። ቢጫውን ሸሚዝ ስነግራት እጇ ቆመ።

«ቢጫ አለ?»

«ቢጫ ነው ይል ነበር። እዚህ አረንጓዴ ነው።»

«እኔ ነኝ የገዛሁለት፤ የሄድኩ ለት። ሲያድግ ይደርስበታል ብዬ ሰፊ ገዛሁለት።» የጀመረችውን ሱሪ አጥፋ ጨረሰች። «መጨረሻው ላይስ? አገኛት?»

«አልደረስንም። በሩ ላይ ሆነን ነው የወሰዱት። እኔም አልገባሁም፤ ብቻህን እንዳትገባ ብሎኛል።»

ሐዋ ሱሪዎቹን ወደ ጎን ገፋቻቸውና ዱካዋን ወደ እኔ ሳበች። «ሀዬ» አለች። «ብቻህን አይደለህም። ግባ።»

ገባሁ። ጣቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ጠንቋዩ ደጋግሞ ገደለኝ። ሐዋ ስክሪኑን አጥርታ ባታየውም የድምፁ ነገር ገብቷት «ዋርያ፣ አንተ፣ ምታው እንጂ! ምን ትቆማለህ?» እያለች ትቆጣኛለች። ጎረቤቶቿ መሸጫቸውን ትተው ሊያዩን መጡ። በመጨረሻ ጠንቋዩ ወደቀ፤ ሁሉም ነገር ጸጥ አለና ሣጥኑ ተከፈተ። እንግሊዝኛ እንደ ነገሩ አነባለሁ፤ ስለ አክሊል የሚል ቃል ዓይኔ ውስጥ ገባ። አላነበብኩም። ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጥኩና «አንብቢልኝ አዴ ሐዋ» አልኳት።

ሐዋ በየትኛውም ቋንቋ ፊደል አትለይም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ፣ ልክ እንደ ልጇ፣ ቀስ ብላ አነበበች።

«‹ቆየህ ልጄ› ትለዋለች። ‹ግባ፣ ፀሐዩ ይገርፍሃል። ሸሚዙ ጠበበህ አይደል? ሌላ ገዝቼልሃለሁ፤ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።›»

 ስልኩን ሳትመልስልኝ «አለቀ?» አለችኝ።

«አላለቀም። ካልተጫንሽው አይዘጋም፤ እንዲሁ ይቆያል።»

«እንግዲያው አንጫነው» አለች።